በሳሎን የተቀመጠው ኮምፒዩተር የማን ነው?

በዘመድ አዝማድዎ መካከል ከኮምፒዩተር ጋር የተወዳጀ አንድ ሰው አይጠፋም። ባለቤትዎ፣ ወንድምዎ ወይም ከፍ ያለው ልጅዎ ሊሆን ይችላል። ይህን ሰው በምልክቱ መለየት አያስቸግርም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሌላው ጋደም ሲል እሱ ካቻቢቴ ይዞ ይቀመጣል። የቡፌው መሳቢያ ሲሳብ ከማንኪያ ይልቅ ገመድና ብሎን ይገኝበታል። የተበላሸ ላፕቶፕ ይጣል ሲባል «ይቆይ፣ አንድ ቀን ይጠቅማል» ብሎ ከአልጋ ሥር ይሸጉጠዋል። ዋይፋይ ሲቋረጥ ግን ትልቁም ትንሹም የሚጣራው እሱን ነው።

በቤተሰብ ዓምድ ላይ ስለዚህ ሰው መነጋገር ምን አስፈለገ ይሉ ይሆናል። አስፈላጊነቱ ቀላል አይደለም። የዚህ ሰው ትርፍ ጊዜ ሥራ የቤቱን ገንዘብ፣ የቤተሰቡን ፎቶግራፍና ሰነድ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የልጆችን የነገ ዕድል ይነካል። ፍላጎቱ በጎ ነው፤ ሊበረታታም ይገባዋል። ነገር ግን አንድ ጥያቄ በጊዜው ሊመለስ ያሻል፤ ይኸውም በሳሎን የተቀመጠው ኮምፒዩተር የማን ነው? የሚለው ነው።

ኮምፒዩተር ወደ መኖሪያ ቤት የገባው ትናንት የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ነገሩ ግን ከስልሳ ዓመት ያላነሰ ዕድሜ አለው። ኮምፒዩተርን በቤት አስቀምጠው ከሠሩት ሰዎች መካከል ግንባር ቀደም ሆና የምትጠቀሰውም ሴት ናት። ሜሪ አለን ዊልክስ የተባለችው አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1965 ሊንክ የተሰኘውንና ለቤተ ሙከራ አገልግሎት የተሠራውን ኮምፒዩተር ባልቲሞር ወደሚገኘው የወላጆቿ ቤት አስገብታ ሥራዋን እዚያው ቀጠለች። ማሽኑ ቁም ሳጥን የሚያህል ነበር። የምትሠራውም ሥራ ከባድ ነበር፤ ሌሎች ሰዎች ኮምፒዩተሩን ለማዘዝ የሚጠቀሙበትን መሠረታዊ ፕሮግራም የምትጽፈው እሷ ነበረች። ኋላም ሕግ አጥንታ በጠበቃነት ሠርታለች።

በተከታዩ ዓመት፣ በ1966 ደግሞ በፒትስበርግ ከተማ ጂም ሰዘርላንድ የተባለ የዌስቲንግሐውስ ኩባንያ መሐንዲስ ከተራረፉ ዕቃዎች ገጣጥሞ ኤኮ አራት የሚባል ኮምፒዩተር በገዛ ቤቱ ሠራ። ይህ ማሽን አራት ትላልቅ ሣጥኖች ያሉት፣ ክብደቱም 360 ኪሎ ግራም ያህል ስለነበር ከምድር ቤት ሌላ የሚችለው ክፍል አልነበረም። ይህን ሁሉ ብረት ቤተሰቡ ምን አደረገበት ቢሉ፣ የአስቤዛ ዝርዝር ያዘበት፤ የወጪና የገቢ ሒሳብ ሠራበት፤ የቤቱን ሰዓቶችና ሙቀት ተቆጣጠረበት። ሥራው ትሑት ነበር፤ ነገር ግን የቤት ሥራ ነበር።

ከዚህ ጋር ሊነጻጸር የሚገባው በ1969 የሆነው ነው። ኒማን ማርከስ የተባለው የአሜሪካ መደብር በስጦታ ዕቃ ካታሎጉ «የወጥ ቤት ኮምፒዩተር» ብሎ አንድ ማሽን አቀረበ። የተሠራው በሐኒዌል ኩባንያ ሲሆን፣ ዋጋው 10,600 ዶላር ነበር። በዚያ ዘመን ይህ ገንዘብ በርካታ አነስተኛ አዳዲስ መኪናዎች ይገዛል። ማሽኑ የምግብ አሠራር ዘዴዎችን ያስቀምጣል ተባለ፤ የሽንኩርት መክተፊያም ተገጥሞለት ነበር። ችግሩ ግን ባለሙያዋ የምትጠይቀውን የምታስገባው በተደረደሩ ማብሪያ ማጥፊያዎች ነው፤ መልሱንም የምታነበው ከሚበሩና ከሚጠፉ መብራቶች ነው። ይህን ለመልመድ የሁለት ሳምንት ትምህርት ያስፈልጋት ነበር። ከእነዚህ ማሽኖች አንድም ስለመሸጡ የተገኘ ማስረጃ የለም።

እንግዲህ ሁለቱን ስናስተያይ ቁም ነገሩ ግልጽ ይሆናል። የመጀመሪያው የተሠራው በቤት ውስጥ፣ የቤቱን ጣጣ በሚያውቅ ሰው ነው። ሁለተኛው ግን ወጥ ሠሪዋን ማንም ሳይጠይቃት ለእሷ ተብሎ የተሠራ ነው። ወጥ ቤቷን የምታውቅ ሴት ጨው ስንት እንደሚበቃ ለማወቅ መብራት አትቆጥርም። ስለሆነም በቤትዎ ያለው የኮምፒዩተር ወዳጅ አዲስ ነገር ልሥራ ብሎ ሲነሣ በቅድሚያ አንድ ነገር ይጠይቁት፤ «ይህ የማንን ድካም ይቀንሳል?» ይበሉት። መልስ ካለው ይርዱት። መልስ ከሌለውም አይቆጡት፤ የሚጎድለውን ነገር ይንገሩት እንጂ። ለዕቁቡ ወር ተራ የሚከታተል ሠንጠረዥ፣ ለዕድሩ መዋጮ መዝገብ፣ ለልጆች ክትባት ቀን ማስታወሻ፣ ለኪራይና ለመብራት ሒሳብ መያዣ ይሥራ። ሙያውም ይዳብራል፤ ቤቱም ይጠቀማል።

አሁን ደግሞ ወደ ሌላ ሴት እንሻገር። ስቴፈኒ ሸርሊ በ1939 ገና የአምስት ዓመት ልጅ ሳለች ከናዚዎች ሸሽታ እንግሊዝ አገር የገባች ስደተኛ ነበረች። በ1962 ስድስት ፓውንድ መነሻ ይዛ፣ በምግብ ጠረጴዛዋ ላይ የኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚጽፍ ድርጅት አቋቋመች። የቀጠረቻቸው ከሞላ ጎደል ሴቶች ነበሩ፤ ከመጀመሪያዎቹ 300 ሠራተኞች ወንዶቹ ሦስት ብቻ እንደነበሩ ይነገራል። አብዛኞቹ ሙያ እያላቸው ልጅ በመውለዳቸው ከሥራ የወጡ እናቶች ስለነበሩ ልጆቻቸውን እያሳደጉ በየቤታቸው ይሠሩ ነበር። በቤታቸው ኮምፒዩተር አልነበራቸውም፤ ፕሮግራሙን በእርሳስ ወረቀት ላይ ይጽፉታል። የሚያስፈልጋቸው ስልክ ነበር። ኮንኮርድ የተባለው ፈጣን አውሮፕላን የበረራ መረጃ መመዝገቢያ ፕሮግራም የተጻፈው በእነዚህ ሴቶች እጅ ነው።

ስቴፈኒ ሸርሊ ሥራ ለማግኘት የምትጽፋቸው ደብዳቤዎች መልስ ሲያጡባት «ስቲቭ» በሚል የወንድ ስም መፈረም ጀመረች፤ ያን ጊዜ መልስ መጣ። ደንበኛ ስልክ ሲደውልም የሕፃኑ ድምፅ እንዳይሰማ የጽሕፈት መኪና ድምፅ በቴፕ ቀድታ ከበስተ ጀርባዋ ታሰማ ነበር። በ2025 በ91 ዓመቷ እስካረፈችበት ጊዜ ድረስ ይህን ሁሉ በግልጽ ስትናገር ኖራለች። የምግብ ጠረጴዛ የሥራ ጠረጴዛ መሆን እንደሚችል ከእርሷ ሕይወት የበለጠ ምስክር አይገኝም።

ታዲያ ሴቶች በዚህ ሙያ ይህን ያህል ቀድመው ከገቡ ኋላ ምን ሆነ? በአሜሪካ በኮምፒዩተር ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪ ከሚመረቁት ውስጥ የሴቶቹ ድርሻ እያደገ መጥቶ በ1984 ወደ 37 ከመቶ ደርሶ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ወደ ታች ወረደ፤ በ2010 አካባቢ 18 ከመቶ ገደማ ሆነ። ሕክምናና ሕግ የሚማሩ ሴቶች ቁጥር እያደገ ሲሄድ በኮምፒዩተር ብቻ ለምን ወደ ኋላ ተመለሰ?

ከምክንያቶቹ አንዱ የሚገኘው በቤት ውስጥ ነው። በእነዚያው ዓመታት አነስተኛ ኮምፒዩተሮች በየመኖሪያ ቤቱ መግባት ጀመሩ፤ ማስታወቂያውም በአብዛኛው ለወንዶች ልጆች የታለመ ነበር። ጄን ማርጎሊስና አለን ፊሸር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በፒትስበርግ በሚገኘው ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ጠይቀው ያገኙትን በ2002 በመጽሐፍ አሳትመዋል። በብዙዎቹ ቤቶች ኮምፒዩተሩ የሚቀመጠው በወንዱ ልጅ ክፍል ውስጥ ነበር። አባት ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ ያስተምረዋል፤ እኅቱ ቆማ ትመለከታለች። ሁለቱም ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ እሱ የዓመታት ልምድ ይዟል፤ እሷ ደግሞ ልምድ እንጂ አእምሮ እንዳልጎደላት የሚነግራት ሰው ስለማታገኝ «ይህ ለእኔ አልተፈጠረም» ብላ ትተወዋለች።

ዩኒቨርሲቲው ይህን ሲረዳ ቀድሞ የመነካካት ልምድን እንደ ችሎታ መቁጠሩን ተወ፤ ልምድ ለሌላቸውም የሚስማማ የመግቢያ ትምህርት አዘጋጀ። በ1995 በኮምፒዩተር ሳይንስ ከሚገቡት ተማሪዎች 7 ከመቶ ብቻ የነበሩት ሴቶች በ2000 ወደ 42 ከመቶ ከፍ አሉ። በአምስት ዓመት ውስጥ የሴቶች አእምሮ አልተለወጠም፤ የተለወጠው በሩ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ። ቅዳሜ ከሰዓት ነው እንበል። ወንድምዬው ላፕቶፑን ፈታቶ ጠረጴዛው ላይ በትኖታል። ታናሽ እኅቱ ከአጠገቡ ቆማ «ወንድም ጋሼ፣ እስቲ እኔም ልሞክር» ትላለች። «ተይ፣ ታበላሺዋለሽ» ይላታል። ወዲያው ከጓዳ «ነይ፣ ቡናው እንዳይገነፍል» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ልጅቷም ትሄዳለች። ማንም ክፉ አልሠራም፤ ማንም አልተቆጣም። ሆኖም ይህ በየሳምንቱ ከተደጋገመ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ እሱ «ባለሙያ» እሷ «የማይገባት» ሆነው ይገኛሉ። ልዩነቱ የተሠራው በእኛው ሳሎን፣ በእኛው ትእዛዝ ነው። ቡናውን አንድ ቀን እሱ ቢያፈላ ምን ይጎዳዋል? ብሎኑንም አንድ ቀን እሷ ብትፈታ ላፕቶፑ አይሞትም። እሱም ቢሆን የተማረው አበላሽቶ ነው።

ውድ አንባቢ፤ ቁም ነገሩ በወሬ ብቻ እንዳይቀር፣ በቤት ውስጥ ሊፈጸሙ የሚችሉ ጥቂት ምክሮችን ቀጥለን እናቀርባለን።

በመጀመሪያ ደረጃ የኮምፒዩተሩ ቦታ ይታሰብበት። ኮምፒዩተሩ በአንድ ልጅ መኝታ ክፍል ሳይሆን ሁሉም በሚያልፍበትና በሚያገድምበት በሳሎን ይቀመጥ። ለእያንዳንዱ ልጅ፣ ለእናትም ጭምር፣ የተወሰነ ሰዓት ይመደብ። የእናት ሰዓት «ሥራ ሲያልቅ» ከተባለ አይደርስም፤ የቤት ሥራ አያልቅምና። ሰዓቱ ከሥራው በፊት ይቆረጥ።

ሁለተኛ፣ ለመማሪያ አሮጌውን ይጠቀሙበት። ዊንዶውስ 10 የተባለው የኮምፒዩተር ሥርዓት ከአምራቹ ያገኝ የነበረው መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት ወር 2025 እ.ኤ.አ. አብቅቷል። ተከታዩን ዊንዶውስ 11ን መሸከም የማይችሉ ብዙ ኮምፒዩተሮች ግን ሌላ ምንም ሕመም የለባቸውም። ለእነዚህ ሊኑክስ የተባለው ነፃ ሥርዓት አለ። ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የሔልሲንኪ ተማሪ በ1991 የጀመረው ሲሆን፣ ዛሬ በብዙ ዓይነት ተዘጋጅቶ ያለ ክፍያ ይገኛል። ለምሳሌ ሊኑክስ ሚንት የተባለው ዝግጅት 2 ጊጋባይት ማስታወሻና 20 ጊጋባይት ቦታ ባለው ማሽን ላይ ሊገባ ይችላል፤ 4 ጊጋባይት ማስታወሻ ቢኖረው ግን ይመረጣል። ከአልጋ ሥር የተሸጎጠው ላፕቶፕ በዚህ መንገድ ሊነሣ ስለሚችል ወንድምና እኅት በጋራ ይሞክሩት። በውስጡ የሚፈለግ ፎቶ ካለ ግን ሥርዓቱ ከመቀየሩ በፊት ወደ ሌላ ቦታ ይገልበጥ፤ ሲቀየር የነበረው ሊጠፋ ይችላልና። ሥራው ሲጠናቀቅም ልጆቹ የመጀመሪያውን ደብዳቤ በአማርኛ ለአያታቸው ይጻፉበት። ፊደላችን ዩኒኮድ በተሰኘው ዓለም አቀፍ የጽሑፍ መለያ ውስጥ ከ1999 ጀምሮ ቦታ ስላለው ይህ ችግር አይሆንም።

አዲስ መግዛት ግድ ከሆነም በዋጋ ውድ መሆን የለበትም። ራስበሪ ፓይ የተባለችውና ከመታወቂያ ካርድ እምብዛም የማትበልጠው ኮምፒዩተር በየካቲት 2012 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ለሽያጭ ስትቀርብ ዋጋዋ 35 ዶላር ነበር። የካምብሪጁ ኢበን አፕተንና ባልደረቦቹ የሠሯት፣ ልጆች ሳይፈሩ የሚነካኩት ርካሽ ማሽን እንዲኖራቸው በማሰብ ነው። ከአንድ ሃርድ ዲስክ ጋር ሲያገናኟት የቤተሰቡን ፎቶግራፎች ለሁሉም ስልኮች የምታዳርስ መጋዘን ትሆናለች።

ሦስተኛ፣ የፎቶግራፍ ነገር ነው። የሠርጉ፣ የክርስትናው፣ ያረፉት አያት ፎቶና ድምፅ ዛሬ በአንድ ስልክ ውስጥ ነው ያለው። ስልክ ደግሞ ይሰረቃል፤ ውኃ ውስጥ ይወድቃል። ፎቶ አንሺዎች የሚመክሩት ሦስት ቅጂ እንዲኖር፣ ቅጂዎቹም በሁለት ዓይነት መያዣ እንዲቀመጡ፣ አንዱም ከቤት ውጭ እንዲሆን ነው። ለምሳሌ አንዱ በኮምፒዩተሩ፣ አንዱ በሃርድ ዲስክ፣ አንዱ ደግሞ በእኅት ቤት ቢቀመጥ መልካም ነው። ሃርድ ዲስኩ ከተገለበጠበት በኋላ ይነቀል፤ እንደተሰካ ከተተወ መብራት ጠፍቶ በኃይል ሲመለስ ሁለቱም አብረው ሊቃጠሉ ይችላሉ። ፍላሽ ለማመላለሻ እንጂ ለዘላቂ ማኖሪያ አይታመንም። ሃርድ ዲስክም ቀጭ ቀጭ የሚል ያልተለመደ ድምፅ ማሰማት ከጀመረ ዛሬ ነገ ሳይባል ያለው ይገልበጥ። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለምሳሌ በእንቁጣጣሽ ሰሞን፣ ቅጂዎቹ ተከፍተው ይታዩ። ያልተከፈተ ቅጂ አለ ተብሎ አይቆጠርም።

አራተኛው ከሁሉ ይበልጥ የሚዘነጋ ነው። የቤቱን ኮምፒዩተር፣ የዋይፋዩን፣ የፎቶ መጋዘኑን የይለፍ ቃል የሚያውቀው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ነው። ይህ ሰው ለሥራ ሩቅ አገር ሊሄድ፣ ሊታመም፣ አያድርገውና ሊሞት ይችላል። በዚያን ጊዜ እናትና ልጆች የገዛ ትዝታቸው ከተቆለፈበት ሣጥን ፊት ቆመው ይቀራሉ። ኀዘኑ ሳያንስ የአባታቸውን ድምፅ የያዘውን ዕቃ መክፈት አለመቻል ሌላ ኀዘን ይሆናል። ስለዚህ ባለሙያው የይለፍ ቃሎቹንና አከፋፈቱን በተራ አማርኛ በወረቀት ይጻፍ፤ ወረቀቱም በፖስታ ታሽጎ የቤቱ ካርታና የልደት ምስክር ወረቀት በሚቀመጥበት ይኑር። የይለፍ ቃል ሲለወጥ ወረቀቱም አብሮ ይለወጥ። ጽሑፉ ግልጽ መሆኑን ለማወቅ ደግሞ ባለሙያው እጁን አጣጥፎ ይቀመጥና እናት ወይም ልጅ ወረቀቱን እያየች ትክፈተው። ከከፈተችው በቂ ነው፤ ካልከፈተችው ጥፋቱ የእሷ ሳይሆን የጽሑፉ ነው።

በመጨረሻም የገንዘብ ጉዳይ ነው። የኮምፒዩተር ዕቃ አንዱ ሌላውን ይጠራል፤ ገመዱ ሣጥኑን፣ ሣጥኑ ማቀዝቀዣውን ያስገዛል። ባለቤትዎ በስውር ገዝቶ ዋጋውን ሲቀንስ፣ እርስዎም ዋጋውን ሲደርሱበት ከሚፈጠረው ጭቅጭቅ ይልቅ በወር ይህን ያህል ብሎ ተነጋግሮ መወሰን ይሻላል። በዚያ መጠን ውስጥ የፈለገውን ይግዛ፤ ማንም አይውቀሰው። ጋራዥና ጠጅ ቤት ከሚውል ሰው በቤቱ ተቀምጦ የሚፈታታ አባት መቶ ጊዜ ይሻላል። ብሎኑን ግን ከወለል ላይ ያንሣ፤ በዳዴ የሚሄድ ሕፃን ወደ አፉ ይወስደዋልና። ጠፍጣፋ ባትሪም እንዲሁ፤ ሕፃን ከዋጠው ጉሮሮውን በሰዓታት ውስጥ ሊያቃጥል ስለሚችል ሳይዘገይ ወደ ሕክምና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል።

እንግዲህ በሳሎን የተቀመጠው ኮምፒዩተር የማን ነው? የገዛው ሰው ነው ካልን ቤቱን ለሁለት ከፍለነዋል፤ የሚያውቁና የሚመለከቱ ብለን። የሁሉም ነው ካልን ግን ቃሉን በሥራ ማሳየት ይጠበቅብናል። ለመጀመር ብዙ አያስፈልግም። በሚመጣው ቅዳሜ ካቻቢቴውን ለልጅቷ ይስጧት፤ ረከቦቱን ለወንድሟ። ከዚያም ሁለቱም የሠሩትን አብራችሁ ተቀምጣችሁ ቅመሱ፣ አብራችሁም ተመልከቱ።